በአዳራሽ የተሰማ ዜማ

የዜማ ተማሪ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ትርዒት ላይ ቢገኝ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ነገር በእኛ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከማዕድ በኋላ ተጀምሮ እስከ መኝታ የሚዘልቅበት ቀንም አለ። አንዱ ወገን፣ ዜማ የተሰጠው ለማኅሌት እንጂ ለጭብጨባ አይደለም ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ፣ ያልተጠና ነገር ይጠፋልና የሚያጠኑትን ማመስገን ይገባል ብሎ ይመልሳል። እኔ ከሁለቱ ወደ አንዱ ከመጨመሬ በፊት በሁለት አዳራሾች የሰማሁትን በተራ ለመጻፍ አሰብሁ። አንደኛው አዳራሽ በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ አውራጃ፣ ከደማምና ከኮበር ከተሞች አጠገብ ዳህራን በሚባለው ስፍራ ያለ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ወደዚያ አገር የሄድሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። ጾመ ድጓን ጨርሼ ድጓውን ከጀመርሁ ጥቂት ጊዜ ሆኖኝ ሳለ የቤተሰብ ችግር አስነሣኝ፤ ሥራዬም መኪና መንዳት ሆነ። ደማም፣ ኮበርና ዳህራን በስም ሦስት ይሁኑ እንጂ ቤቶቻቸው እየተያያዙ እንደ አንድ ከተማ ሆነዋል። ደማምና ኮበር ቀድሞ የዓሣ አጥማጆችና የዕንቍ ጠላቂዎች መንደሮች ነበሩ። በዳህራን ቀደም ብለው የተቆፈሩት ጉድጓዶች ተስፋ ካስቆረጡ በኋላ ሰባተኛው ጉድጓድ በ1930 ዓ.ም. ነዳጅ ዘይት በብዛት ቢያፈልቅ የአገሩ ኑሮ ሁሉ ተለወጠ። ዛሬ ከኮበር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ባሕሬን ደሴት የሚሻገር፣ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተ የባሕር መንገድ አለ። ሌሊት ሲበራ ከሩቅ ላየው የተዘረጋ መቍጠሪያ ይመስላል።

በዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ እሑድ የሥራ መጀመሪያ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከእስልምና በቀር ሌላ አምልኮ በገሃድ አይፈቀድም። ስለዚህ የእሑድ ጧቴ የሚያልፈው ከኮበር ወደ ደማም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በመኪናዎች ሰልፍ መካከል ነበር። መስኮቱን ዘግቼ የቻልሁትን ያህል ለራሴ አዜም ነበር። ድምፅ ሳያወጡ ማዜም ምን እንደሚያደርግ የሞከረው ያውቀዋል። ቃሉ አይጠፋም፤ ምልክቱም በዓይነ ልቡና ይታያል፤ የሚላላው ጕሮሮ ነው። ዕዝሉ ወደ ግዕዝ እየተጠጋ ይሄዳል፤ አራራዩ ይሳሳል፤ ርክርኩ እንደ ደረቀ ምንጭ ይደፈናል። መቋሚያ ስለሌለኝ በመሪው ላይ ጣቴን እመታ ነበር። አጠገቤ የቆሙ ነጂዎች ምን እንደመሰላቸው እግዚአብሔር ያውቃል።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። ነዳጅ ዘይት የሚያወጣው ታላቁ ኩባንያ አራምኮ በዳህራን ያሠራው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የዓለም ባህል ማእከል በ2009 ዓ.ም. በንጉሡ ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ዐረቦች ‹ኢሥራ› ይሉታል፤ ማበልጸግ ማለት ነው። ሥዕሉን ያወጡት ስኖሄታ የተባሉ የኖርዌይ የሕንፃ ሊቃውንት ናቸው። ከውጭ ለሚያየው እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ታላላቅ የወንዝ ድንጋዮች ይመስላል። በውስጡ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር፣ ሲኒማ ቤትና 900 ሰው የሚያስቀምጥ ቴያትር አለ። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሕዝብ የሙዚቃ ትርዒት በዚያ አገር እምብዛም አይታይም ነበርና፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈቀድ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሲኒማ ቤቶች ሲከፈቱ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በእኩል መደነቅ ወደ አዳራሹ ይጎርፍ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የኩባንያ እንግዶችን አድርሼ በመኪና ማቆሚያው የምጠብቅ ነበርሁ። አንድ ምሽት ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ቀረ ትኬቱ ለእኔ ደረሰ። የተጫወቱት ከአውሮፓ የመጡ ባለ ክርና ባለ ትንፋሽ መሣሪያ ሙዚቀኞች ናቸው። ስለ ተጫወቱት ነገር ብዙ የምለው የለኝም፤ ለጆሮዬ አዲስ ስለ ነበረ ውበቱን እንጂ ሥርዓቱን አልያዝሁትም። ነገር ግን ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት የሆነው አስደነቀኝ። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ብቻ አወጣ፤ ሌሎቹ ሁሉ ያን አንድ ድምፅ ተቀብለው አውታራቸውን አስተካከሉ። እኛ ዘንድ መሪጌታው ሲጀምር የግራውና የቀኙ ወገን ድምፁን ከአፉ ተቀብሎ እንደሚገባበት ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ። በማኅሌት ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይጋባል፤ በማኅሌት መስማት ብቻ የማንም ድርሻ አይደለምና፤ የማያዜመው ያጨበጭባል፣ የማያጨበጭበው ይሰግዳል። በአዳራሽ ግን መስማት ራሱ ሙሉ ሥራ ሆኖ ለሰዎቹ ተሰጥቶአል። ይህን ንቄ አልጽፈውም። እንዲህ አጥብቆ መስማትን የተማረ ሕዝብ የአንድ ድምፅ መውደቅ አያመልጠውም።

ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዴ እሄድ ጀመር፤ ይልቁንም ለሕዝብ ወደሚሰጠው ትምህርታዊ ንግግር። ዐረብኛዬ ከግማሽ ባይበልጥም ነገሩን እከተል ነበር። አንድ ቀን ንግግሩ ስለ ባሕር ሠራተኞች ዜማ ሆነ። ይህ ፊጅሪ የተባለው ዜማ የባሕሬንና የዚያ ዳርቻ የዕንቍ ጠላቂዎች ዜማ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ባሕሬን በዩኔስኮ መዝገብ አስመዝግባዋለች። የሚመራው ሰው ነሃም ይባላል። መሣሪያቸው ከበሮ፣ የእጅ ጭብጨባና ጃህላ የሚሉት የሸክላ እንስራ ነው። ጃፓኖች ዕንቍን በእርባታ ማውጣት ከቻሉ፣ የነዳጁም ሥራ ከተጀመረ በኋላ የጠላቂዎቹ ሥራ ከሰመ፤ ዜማው ግን ከሥራው በኋላ ቀረ።

ንግግር አድራጊው አንድ ሽማግሌ ወደ መድረኩ ጠርቶ እንዲያዜሙለት ለመናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ካዜሙ በኋላ በድንገት ዝም አሉ። ለምን ቢላቸው፣ ይህ ገመድ ሲጎተት የሚባል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እጄ እንጂ አፌ አያውቅም ብለው መለሱ። ከአድማጮቹ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ የራስ መጠምጠሚያውን ፈታና ጫፉን አስያዛቸው። ሁለቱ እየተሳሳቡ ዜማው ከቆመበት ቀጠለ። ሕዝቡ በደስታ ሳቀ፤ እኔም በመኪናዬ መሪ ላይ የምመታውን ጣቴን አስታወስሁ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ታንቡራ የሚሉት ባለ ስድስት አውታር መሣሪያ አለ። ከአፍሪቃ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የሄዱት ነው። ክራርን የሚያውቅ ሰው ይህን መሣሪያ ቢያይ ዝምድናውን የሚነግረው አስተማሪ አያሻውም። ሰው ተሽጦም ቢሆን መሣሪያውን በልቡ ይዞ ይሄዳል፤ በደረሰበት አገር ከአገሩ እንጨትና ቆዳ መልሶ ይሠራዋል።

በ2015 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስሁ። አዲስ አበባ በቆየሁባቸው ወራት ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ትርዒቶችና ንግግሮች መሄድ ያዘወተርሁት ከዚያው ከዳህራን ባመጣሁት ልማድ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ቃል ልጨምር፤ ለመንፈሳዊ ተጓዦች የሚቀርብ ነገር አለበትና። ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ አገራችን ከገባባቸው በሮች አንዱ የኢየሩሳሌም ገዳም ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በናስ መሣሪያ ተቀበሏቸው፤ ልጆቹንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ሙዚቃ አስተማረ። በ1950ዎቹ የብሔራዊው ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ የተማረ ሲሆን ድርሰትንም ምርምርንም ያጣመረ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን ከግብፅ የመጣው ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የበገና ባለሞያዎችን ከየአገሩ ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ቀድሞ በየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩት መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱ ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰየመ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከቡልጋሪያ የመጡ መምህራን አስተምረውበታል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም በዚያ ተምሮ ወደ ሶፍያ ተሻግሮ ትምህርቱን ፈጽሞአል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ባይሆኑም ሳላነሣቸው ማለፍ አይሆንልኝም። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ፤ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ኖሩ። በበኣታቸው ፒያኖ ነበር። ከሸክላዎቻቸው የተገኘውን ገንዘብ ለድኾች ልጆች ሰጡ። እኔ በተመለስሁበት በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። መነኵሴና ፒያኖ በአንድ በኣት አይገናኙም ለሚሉ ወንድሞቼ የምሰጠው መልስ ከዚህ የበለጠ የለኝም።

ከሰማኋቸው ምሽቶች አንዱን ብቻ ልናገር። መጀመሪያ ተማሪዎች የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት በፒያኖና በቫዮሊን ተጫወቱ፤ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዜማ ምልክቶች ትምህርታዊ ንግግር ተደረገ። መምህሩ በግድግዳው ላይ የድጓ ገጽ በብርሃን አሳየ፤ ስምንቱን ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቍርጥ እያለ በየስማቸው ጠራ፤ ኋላ የተጨመሩትን ድርስንና አንብርንም አስከተለ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው የሚነገረውን አስረዳ። በቃላቱ ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፉት ፊደላት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ መሆናቸውን፣ እያንዳንዱም ፊደል የታወቀ ዜማ አሳጥሮ የሚጠራ መሆኑን ተናገረ። የአውሮፓ ኖታ ዜማውን ለማያውቅ ሰው እንደሚጻፍ፣ የእኛ ምልክት ግን ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለተቀበለ ሰው ማስታወሻ እንደሆነ ሲናገር፣ ከእኛ ጉባኤ ቤት ያልዋለ ሰው ይህን ያህል ማወቁ ገረመኝ።

ቀጥሎም ጥቂት የዜማ ክፍል በኖታ ገልብጦ ለአንድ ተማሪ ሰጠው። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያልዋለ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ብቻ አነበበና አዜመው። ዜማው ዜማ ነበር፤ ያልሆነ ድምፅ አልገባበትም። ከኋላ መደዳ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። ርክርኩን ስንት አድርገህ ጻፍኸው? ብለው መምህሩን ጠየቁ። አራት ብሎ መለሰ። መሪጌታው ተነሥተው ያንኑ ቃል አዜሙ፤ ርክርኩ በሦስት ወረደ። ሁለተኛ አዜሙት፤ በስድስት ወረደ። ከሁለቱ የትኛው ስሕተት ነው? አሉ። መምህሩ ሲመልስ፣ አባቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ኖታው ሊይዝ ያልቻለው ይህን ነው፤ ስለዚህ ደግመው ይበሉልንና በመቅጃ እንያዘው አላቸው። ነገር ግን በዚያ መካከል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መሪጌታው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ተቀመጡ፤ ቢለመኑም አልተነሡም። መምህሩ ከዚያ ምሽት በኋላ የዜማ ንግግር ሲኖር አስቀድሞ ሕዝቡን እንዳታጨበጭቡ ብሎ ይለምን ነበር፤ ይህ የጨዋ ሥራ ነው።

ነገሩ ከዚህ ላይ ወደ ራሴ ደረሰ። ከዚያ ምሽት በኋላ የትምህርት ቤቱ ጥቂት ተማሪዎች ጋይንት ያሉትን የእኔን መምህር የኔታን ለመቅዳት ፈለጉ። የኔታ ድጓቸውን ያስመሰከሩት እዚያው ጋይንት በቤተልሔም ነው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ከቃላቸው ያስተምራሉ። በእኔ ዘመን ሦስት ረድፍ ሠርተን ስንቀመጥ የነበርነው ተማሪዎች ዛሬ አንድ ረድፍ አይሞሉም። አንዳንዱ ወደ ከተማ፣ አንዳንዱም እንደ እኔ ወደ ባሕር ማዶ ሄዶአል። የኔታ በስልክ አስጠርተው፣ ልጄ፣ አንተ የእነርሱንም አዳራሽ የዐረቡንም አዳራሽ አይተሃልና ቍርጡን ንገረኝ፤ ልፍቀድ ወይስ ልከልክል? አሉኝ። መልሱን በሦስተኛው ቀን እንድሰጣቸው ለመንሁ።

ሦስቱን ቀን ያስጨነቀኝ የባሕሩ ሽማግሌ ነበሩ። የእርሳቸው ዜማ ወደ አዳራሽ የገባው ገመዱ ከተበጠሰ፣ መርከቡ ከተሸጠ በኋላ ነው። የእኛ ግን እንዲህ አይደለም፤ ማኅሌቱ ዛሬም ይቆማል፤ ጾሙ ሲገባ ጾመ ድጓው ይከፈታል። ስለዚህ ንግግሩ የዜማው ቀብር ነው የሚሉትን ወንድሞች አልቀበልም። በሌላ በኩል ግን ገመዱ ሳይበጠስ ጎታቾቹ ከሄዱ ነገሩ ወዴት ይደርሳል? የኔታ ቢያርፉ፣ በኮበር መንገድ ላይ መስኮት ዘግቶ የሚያዜም እንደ እኔ ያለ ሰው ርክርኩ ሲደፈንበት ከማን ያቀናዋል? በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ የኔታን ድምፅ የያዘ አንድ መቅጃ ቢኖረኝ ኖሮ ጕሮሮዬ ይህን ያህል ባልባከነ። መቅጃው አፉን ይይዛል፤ እጁን አይዝም፤ ይህም እውነት ነው። የኔታ ሲያስተምሩ ተማሪው ወደ ድፋቱ ሲቃረብ ጉልበቱን መታ ያደርጉታል፤ በዚያ መታ ምክንያት ነው ዜማው የሚገባው። ይህን የትኛው መሣሪያ ይቀዳዋል?

በሦስተኛው ቀን፣ የኔታ፣ ይፍቀዱ፤ ግን ሰዎቹ እንዲሁ መጥተው ቀድተው አይሂዱ፤ መጀመሪያ ከእግርዎ ሥር ይቀመጡ አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ እንግዲያስ ተማሪ ሆነው ይምጡ፤ ለአንድ ወር ከሌሊቱ ተነሥተው ከልጆቹ ጋር ይቀጽሉ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያቸውን ይክፈቱ፤ የቀዱትም አንድ ቅጂ እዚህ ጉባኤ ቤት ይቅር አሉ። ቀጥለውም፣ ቆሎአቸውን ግን ይዘው ይምጡ፤ የመንደሩ ሰው ዘንድሮ እህሉ አልሞላለትም ብለው ሳቁ።

ቃላቸውን ለተማሪዎቹ አደረስሁ። ቅጂውን በደስታ ተቀበሉ፤ እንዲያውም በኖታ የሚጽፉትንም ለየኔታ እያነበቡ ሊያሳርሙ ቃል ገቡ። ችግሩ የወሩ ነገር ነው፤ ከትምህርታቸው ከዐሥር ቀን በላይ ፈቃድ አያገኙም። የኔታም ዐሥር ቀን ውዳሴ ማርያም ለመስማት እንኳ አይበቃም አሉ። ደብዳቤና ስልክ ሲመላለስ ቆይቶ፣ አሁን ከትንሣኤ በኋላ በሚውለው የዕረፍት ጊዜያቸው ለሦስት ሳምንት ሊመጡ ተስማምተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ቫዮሊን ተማሪ ናት፤ ሴት ልጅ ከጉባኤ ቤቱ የት ትቀመጥ የሚለው ገና አላለቀም፤ የየኔታ እኅት ግን ከቤቴ ታድራለች፣ ከደጀ ሰላሙ ሆና ትሰማለች ብለዋል። እኔም ከእነርሱ ጋር ወርጄ፣ ሌሊት ሌሊት ለመቅጃው የሚሆነውን የፀሐይ መብራት ባትሪ እየጠበቅሁ፣ ቀን ቀን ድጓውን ከተውሁበት ገጽ እቀጽላለሁ።